ምዕራፍ 6፦ ሳይቆረስ አይጎረስም

ከኔዘርላንድስ ሰሜናዊ ዳርቻ ተነሥቶ በጀርመን በኩል እስከ ዴንማርክ የሚዘልቀው የዋደን ባሕር ዳርቻ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ሰፊ ስፍራ በቀን ሁለት ጊዜ ባሕር፣ ሁለት ጊዜ የብስ ይሆናል። ውኃው ሲጎድል ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ግራጫ ጭቃና አሸዋ ይገለጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ባሕሩ ተመልሶ ያለብሰዋል። ባሕሩን የሚያወጣውና የሚያገባው የጨረቃና የፀሐይ ስበት በሦስተኛው ምዕራፍ ተብራርቷል። አምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ አረንጓዴ ሕይወት በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር እንዴት እንደሚለውጥ አሳይቷል። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከሁለቱ የሚከተል ነው፤ በጭቃው ሜዳ ላይ የተሠራው ስኳር የት ይደርሳል?

አብዛኛውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሪያ ግን አፍ የለውም፤ ጥርስም ሆድም የለውም። ምግቡ ከእርሱ ውጭ ካልተቆራረሰ በስተቀር ወደ ውስጥ ሊገባለት አይችልም። የጭቃው ሜዳ ካርቦን በፍጥነት መጥፋቱም ሆነ ለሺህ ዓመታት ተቀብሮ መቆየቱ በአብዛኛው ከዚህ አንድ ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

ቡናማው ቆዳ

በክረምት ወራት ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ድንጋይ የረገጠ ሰው አልጌን በእግሩ ያውቀዋል። ድንጋዩን የሚያለብሰውና የሚያንሸራትተው አረንጓዴ ነገር አልጌ ነው፤ በትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ ይባላል። ሥር፣ ግንድና ቅጠል የለውም፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ተክል ከብርሃን ምግቡን ይሠራል።

በዋደን ባሕር ጭቃ ላይ የሚኖረው ዋናው አልጌ ዳያተም ይባላል። አንድ ዳያተም አንድ ሕዋስ ብቻ ሲሆን፣ መጠኑ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እስከ አንድ አሥረኛ ይደርሳል። አካሉ የተዘጋው መስታወት ከሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ከሲሊካ፣ በተበጀ ባለ ክዳን ሳጥን ውስጥ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ሳይሆን ወርቃማ ቡናማ ነው። ባሕሩ ጎድሎ ፀሐይ ስትወጣ የጭቃው ገጽ ቀስ በቀስ ይቀየራል፤ ግራጫ የነበረው ሜዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቡናማ ይሆናል። ይህን ቀለም የሚያመጣው አዲስ የበቀለ ነገር አይደለም። ከጭቃው ውስጥ ወደ ላይ የወጡት በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ዳያተሞች ናቸው። ውኃው ከመመለሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ሞገዱ እንዳይጠርጋቸው ተመልሰው ወደ ታች ይሰርጋሉ።

እጅግ የሚያስደንቀው ባሕሩን ሳያዩ ሰዓቱን ማወቃቸው ነው። ጭቃው በሳሕን ተደርጎ ባሕር ወደማይደርስበት ቤተ ሙከራ ቢወሰድም ለተወሰኑ ቀናት በዚያው ሰዓት ይወጣሉ፣ በዚያው ሰዓት ይወርዳሉ። የሙላቱና የጉድለቱ ልክ በውስጣቸው ተቀምጧል ማለት ነው።

የጉዟቸው ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ብርሃን በጭቃ ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ዘልቆ አይገባምና። ለዳያተም ግን ይህ ትልቅ ጉዞ ነው። እግርም ጅራትም ስለሌለው የሚሄደው ከመስታወት ሳጥኑ ስንጥቅ ዝልግልግ ነገር እያወጣ፣ በእርሱ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ካለፈ በኋላ ዝልግልጉ በመንገዱ ላይ ይቀራል። የባክቴሪያዎቹ ቀለብ አንዱ ምንጭ ይህ የተተወ ዱካ ነው።

የተልባው ዝልግልግ

ይህ ዝልግልግ ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ማንኪያ ተልባ በብርጭቆ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር ይበቃል። ጠዋት ላይ ፍሬዎቹ በሚዝለገለግ ነገር ተከበው ይገኛሉ፤ በማንኪያ ሲነሣ ክር ይሠራል። ክሩ ከስኳር የተሠራ ነው። የሚጣፍጥ ዓይነት ስኳር ግን አይደለም፤ እጅግ ብዙ ነጠላ ስኳሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ውኃ ስለሚይዙ ይዝለገለጋሉ። የዳያተም ዝልግልግም የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ስኳሮቹና አያያዛቸው ግን ከተልባው ይለያሉ።

ዳያተም ይህን ሁሉ ስኳር የሚያወጣው ለመጓዝ ብቻ አይደለም። ጠንካራ ፀሐይ በሚወርድበት እኩለ ቀን የስኳር ሥራው ይፈጥናል። ሕዋሱን ለማሳደግና ለመክፈል ግን ስኳር ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮቲን ለመሥራት ናይትሮጅን ያስፈልጋል። ናይትሮጅን በጠፋበት ሰዓት ዳያተሙ መሶቡ በእንጀራ ሞልቶ ወጥ እንዳጣ ቤት ይሆናል። ብርሃኑን ማቆም ስለማይችል የተረፈውን ስኳር ወደ ውጭ ይለቀዋል። በጭቃ ላይ የሚኖሩ ዳያተሞች ከሚሠሩት ካርቦን ከግማሽ የሚበልጠውን በዚህ መልክ ወደ ውጭ የሚለቁበት ጊዜ አለ።

ሌላው መንገድ ሞት ነው። ዳያተም በቫይረስ ሲፈነዳ ወይም ትል በልቶት ሲቆራረጥ በሆዱ ያጠራቀመው ስንቅ ይፈሳል። የዚህ ስንቅ ስም ላሚናሪን ነው። ድንች ስታርች እንደሚያከማች ሁሉ ዳያተም ላሚናሪን ያከማቻል፤ ቀን ይሞላል፣ ሌሊት ከእርሱ እየቀነሰ ይኖራል።

ሕይወት ያለው ነገር ሠርቶት የተገኘ ካርቦን ኦርጋኒክ ካርቦን ይባላል። በጭቃው ላይ የሚለቀቀውም በሁለት መልክ ይገኛል፦ አንዱ በውኃው ውስጥ የሚሟሟ ልል ነገር፣ ሌላው ከጭቃው ቅንጣት ጋር የተጣበቀ ወፍራም ሙጫ ነው። ሙጫው የራሱ ጥቅም አለው። የጭቃውን ቅንጣቶች አያይዞ ስለሚይዝ፣ ውኃው ሲመለስ ዳያተም ያለበሰው ጭቃ ካላለበሰው ይልቅ በቀላሉ አይጠረግም።

ከመጉረስ በፊት

በአንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ዳርቻ ጭቃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ከእነዚህ አንዱ ርዝመቱ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ሕዋሱን የሚሸፍነው ቆዳ ምግብ የሚገባባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሦስት ወይም አራት ስኳር ተያይዞ ቢመጣ ያልፍባቸዋል። ከዚያ የበለጠ ግን አያልፍም። የዳያተም ዝልግልግ ደግሞ መቶም ሺህም ስኳር የተቀጣጠለበት ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው በምግብ ተከቦ ይራባል ማለት ነው፤ ሙሉ እንጀራ ሳይቆረስ አይጎረስምና።

የመቁረሱን ሥራ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይም ራሱ ሳያልቅ አንድን ኬሚካዊ ሥራ ደጋግሞ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ምራቅ ውስጥም አለ። አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳይዋጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ቢታኘክ ይጣፍጣል፤ የምራቁ ኢንዛይም የዳቦውን ስታርች ወደ አጫጭር ስኳሮች ስለቆረሰው ነው። በአንጻሩ ገለባ ቀኑን ሙሉ ቢታኘክ አይጣፍጥም። ስታርችም የገለባው ሴሉሎስም የተሠሩት ከአንድ ነገር፣ ከግሉኮስ ነው። የሚለዩት በመያያዣው ነው፤ አንዱ ግሉኮስ ሌላውን የሚይዝበት አቅጣጫ ይለያያል። የሰው ኢንዛይም የስታርችን መያያዣ ይቆርሳል፣ የሴሉሎስን ግን አይነካውም። ላምም ብትሆን በራሷ አትችልም፤ ገለባውን የሚቆርሱላት በሆዷ የሚኖሩ ደቂቅ ሕያዋን ናቸው።

የምዕራፉ ዋና ሐሳብ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስኳር ከሌላው የሚያያዝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ መያያዣም የራሱን ኢንዛይም ይጠይቃል። ለአንዱ የተበጀው ለሌላው አይሆንም፤ የአንድ ቤት ቁልፍ የጎረቤትን በር እንደማይከፍት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ምግብ የሚጠየቀው ምን ያህል ጉልበት አለው የሚለው ብቻ አይደለም። ስንት ዓይነት መያያዣ አለው? የሚቆርሱት ኢንዛይሞችስ በማን እጅ ናቸው? ፍጥነቱን የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ላሚናሪን በዚህ ረገድ ገር ነው። ከግሉኮስ ብቻ የተሠራ፣ አጭርና ሁለት ዓይነት መያያዣ ብቻ ያለው ስለሆነ ጥቂት ኢንዛይሞች ይበቁታል፤ ብዙ የባሕር ባክቴሪያዎችም እነዚህን ይዘዋል። በተቃራኒው ፉኮይዳን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አለ። ቡናማ የባሕር አልጌዎች ይሠሩታል፤ ዳያተሞችም በእርሱ ዓይነት የተሠራ ዝልግልግ ያወጣሉ። ስኳሩ የተለየ ነው፤ ቅርንጫፉ ይበዛል፤ በየስፍራው የሰልፈር ቅንጣት ተለጥፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሌንቲሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ፉኮይዳንን ለመብላት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢንዛይሞች ይዟል። ለአንድ ምግብ ይህን ያህል መሣሪያ ማዘጋጀት የሚችሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ላሚናሪን ወዲያው አልቆ ፉኮይዳን በባሕሩ ውስጥ ሲከማች የሚታየውም ለዚህ ነው።

ቆራሹና ጎራሹ

ኢንዛይምን ወደ ውጭ መልቀቅ አደጋ አለው። ባክቴሪያው ደክሞ የሠራው ፕሮቲን ሰንሰለቱን ሲቆርስ ፍርፋሪው በውኃው ውስጥ ይበተናል፤ ምንም ያልሠራ ጎረቤት ቀድሞ ሊጎርሰው ይችላል። በጭቃው ውስጥ በእርግጥ እንዲህ የሚኖሩ አሉ። ራሳቸው አይቆርሱም፤ ሌላው የቆረሰውን ይለቃቅማሉ። ይህን እንደ ስንፍና ማየት ግን ስሕተት ነው። እነዚህ ለቃሚዎች ባይኖሩ ፍርፋሪው ተጠርጎ ወደ ባሕር ይሄድ ነበር።

ለረጅም ጊዜ የነበረው ግንዛቤ ባክቴሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ የሚል ነበር፦ ቆራሾችና ለቃሚዎች። በጀርመን ብሬመን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የባሕር ማይክሮባዮሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከአሜሪካዊቷ ካሮል አርኖስቲ ጋር ሆነው የስኳር ሰንሰለቶች ላይ የሚያበራ ቀለም ለጥፈው ለባሕር ባክቴሪያዎች ሰጡ። ቀድሞ የነበረው ግንዛቤ ልክ ቢሆን ብርሃኑ በውኃው ውስጥ ተበትኖ መታየት ነበረበት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ያበሩት አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ይህ ሥራ ሦስተኛ ዓይነት ተመጋቢ መኖሩን አሳየ። ይህ ባክቴሪያ ሰንሰለቱን በቆዳው ላይ ይይዘዋል፣ በትልልቁ ይቆርሰዋል፣ ከዚያ በተለየ ሰፊ በር በውስጠኛውና በውጨኛው ቆዳው መካከል ወዳለው ጓዳ ያስገባዋል። ቀሪውን የመቆራረስ ሥራ ማንም በማይደርስበት በዚያ ጓዳ ይጨርሰዋል፤ ፍርፋሪ አይወጣም።

በዚህ አበላል የታወቁት ባክቴሮይዴተስ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። ለአንድ ዓይነት ሰንሰለት የሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ፣ መያዣው፣ በሩ፣ ቆራሾቹ፣ መመሪያቸው በዘረመላቸው ላይ አንድ ስፍራ ተደርድሮ ይገኛል። ምግቡ ሲመጣ መመሪያው ሁሉ አንድ ላይ ይነበባል፤ ሳይመጣ ሲቀር አንድ ላይ ይዘጋል።

እንዲህ በአንድ ስፍራ የተደረደረ መመሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገርም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዞቤሊያ በሚባል የባሕር ባክቴሪያ ውስጥ የቀይ አልጌን ስኳር የሚቆርስ ኢንዛይም አገኙ። ይኸው ኢንዛይም በጃፓናውያን አንጀት በሚኖር ባክቴሪያ ውስጥም ተገኘ፤ ለንጽጽር በታዩት የሰሜን አሜሪካውያን አንጀት ውስጥ ግን አልነበረም። ጃፓናውያን ኖሪ የተባለውን የባሕር አልጌ ለዘመናት ሲመገቡ ኖረዋል፤ አልጌው ላይ የነበሩት የባሕር ባክቴሪያዎች መመሪያቸውን ለአንጀት ባክቴሪያዎች አስተላልፈዋል የሚለው ማብራሪያ ከሁሉ የሚያሳምን ነው።

ምልክት የተደረገበት ካርቦን

ባክቴሪያዎቹ የዳያተሞቹን ስኳር እንደሚበሉ በቤተ ሙከራ ማሳየት ይቻላል። በእውነተኛው ሜዳ ላይ፣ ባሕር እየወጣና እየገባ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚበሉት ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ በኔዘርላንድስ የስኸልደ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ፣ ሞለንፕላት በሚባል የጭቃና የአሸዋ ሜዳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። መሪው ጃክ ሚደልበርግ ነበር።

የተጠቀሙበት ዘዴ ከብቶችን በጆሯቸው ላይ ምልክት አድርጎ ከሌላ መንጋ ከመለየት ብዙ አይርቅም። በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን ውስጥ 1 በመቶ ያህሉ ከሌላው ትንሽ ከበድ ይላል፤ ካርቦን 13 ይባላል። ጨረር የለውም፤ ማንንም አይጎዳም፤ በሚዛን መሣሪያ ግን ይለያል። ተመራማሪዎቹ በካርቦን 13 የበለጸገ ጨው በውኃ አሟሙተው ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት በሜዳው ላይ ረጩት። ዳያተሞቹ ይህን ከባድ ካርቦን ወስደው ስኳር ሠሩበት። ከዚያ በኋላ ጭቃው በየሰዓቱና በየቀኑ እየተወሰደ ተመረመረ። አልጌና ባክቴሪያ የየራሳቸው ዓይነት ስብ ስላላቸው፣ ምልክቱ በየትኛው ስብ ውስጥ እንደገባ በማየት ካርቦኑ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ተቻለ።

ምልክቱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ በባክቴሪያዎቹ ስብ ላይ ታየ። በጭቃው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ትሎችም ላይ እንዲሁ። አልጌ እስኪሞት፣ እስኪበሰብስ፣ ከዚያም እስኪበላ ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። ሜዳው ላይ የታየው ግን ፀሐይ ላይ እያለች የተጋገረ እንጀራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲቆረስ ነው።

አየር የሌለው ጓዳ

እስካሁን የተነገረው በጭቃው ገጽ ላይ ስለሚሆነው ነበር። ከገጹ ዝቅ ሲባል ነገሩ ይለወጣል። ዴንማርካዊው ኒልስ ፒተር ሬቭስቤክ ጫፉ ከፀጉር የቀጠነ የኦክስጅን መለኪያ ካበጀ ወዲህ በጭቃ ውስጥ ኦክስጅን እስከ ምን ድረስ እንደሚገባ መለካት ተችሏል። በደቃቅ ጭቃ ኦክስጅን የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀን ዳያተሞቹ ኦክስጅን ስለሚያመነጩ ትንሽ ይወርዳል፤ ሌሊት ይሰበሰባል። ከዚያ በታች የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያለ አየር ይሠራሉ። አሸዋ ከሆነ ውኃው እንደ ወንፊት ስለሚያልፍበት ኦክስጅኑ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ ጭቃ ግን ይዘጋል።

ያለ አየር መብላት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቆጮ ሲዘጋጅ የእንሰቱ ፍቅፋቂ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ አየር ሳያገኝ ይብላላል፣ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣነቱን የሚያመጡት ያለ ኦክስጅን ስኳር የሚበሉ ደቂቅ ሕያዋን ያስወጡት አሲዶች ናቸው። በባሕሩ ጭቃም ተመሳሳይ መብላላት አለ። ሰንሰለቱን የሚቆርሱ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወስደው እንደ አሴቴት ያሉ ትናንሽ አሲዶችንና ሃይድሮጅንን ያስወጣሉ። አሴቴት የኮምጣጤው አሲድ ነው። ቆጮው ላይ ሥራው ባብዛኛው እዚህ ያቆማል፤ ጭቃው ላይ ግን እነዚህን የሚጠብቅ ሌላ ተመጋቢ አለ።

ይህ ተመጋቢ በኦክስጅን ፈንታ በባሕር ውኃ ውስጥ ሞልቶ የሚገኘውን ሰልፌት ይተነፍሳል። ሲተነፍስም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያስወጣል። ጋዙ ከጭቃው ብረት ጋር ሲዋሐድ ጥቁር ይሆናል። በዋደን ባሕር ጭቃ ላይ አንድ አካፋ ቢቆፈር ከላይ ቡናማ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ንብርብር ይታያል፤ ሽታውም ወዲያው ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን የብክለት ምልክት አድርጎ ያየዋል። በአብዛኛው ግን ጤነኛ ጭቃ ነው፤ ጥቁረቱ የሰልፌት ተንፋሾቹ የሥራ ዱካ ነው። ዴንማርካዊው ቦ ባርከር ዮርገንሰን እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየው፣ በባሕር ዳርቻ ደለል ውስጥ ከሚፈርሰው ኦርጋኒክ ካርቦን ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው በእነዚህ ባክቴሪያዎች እጅ ነው።

ሰልፌት ተንፋሾቹ ራሳቸው ረጅም ሰንሰለት አይቆርሱም። የሚኖሩት ሌላው በቆረሰውና ባብላላው ላይ ነው። ከላይ ያለው ቆራሽ ቢጠፋ ጓዳው ሁሉ ጾሙን ያድራል።

ሳይቆረስ የሚቀረው

የዳያተሙ ስኳር በመጨረሻ የሚደርሰው ወደ ተነሣበት ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመለሳል፤ የሞቱ ሕዋሳት ሲፈርሱም በፕሮቲናቸው የነበረው ናይትሮጅን አሞኒየም ሆኖ ይለቀቃል። ዳያተሞቹ ለማደግ የጎደላቸው ይኸው ናይትሮጅን ስለሆነ በቀጣዩ ጉድለት ወደ ላይ ሲወጡ ይጠቀሙበታል።

ሁሉም ግን አይመለስም። መያያዣው የተወሳሰበ፣ ከሸክላ ቅንጣት ጋር የተጣበቀ ወይም ቆራሹ ኢንዛይም ሊደርስበት የማይችል ጥቂት ነገር አዲስ ጭቃ እየተጫነው ወደ ጥልቀት ይወርዳል። በውቅያኖስ ሁሉ በየዓመቱ ከሚሠራው ኦርጋኒክ ካርቦን እንዲህ ተቀብሮ የሚቀረው ከ1 በመቶ በታች ነው።